መክሰስ በ26 ሳንቲም፤ የቤት ዴይኬር የምግብ ሂሳብ

አሜሪካ ውስጥ ቤቷን ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ያደረገች ሴት ለአንድ ልጅ መክሰስ ስታቀርብ መንግሥት የሚመልስላት ገንዘብ ከሁለት አንዱ ነው። ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 በነበረው ተመን ወይ 93 ሳንቲም፣ ወይ 26 ሳንቲም ነበር። ልጁ ያው ልጅ ነው። ሙዙም ያው ሙዝ ነው። ሁለት ሴቶች ወተቱን ከአንድ ኮስኮ ገዝተውት ሊሆን ይችላል። አንዷ 93፣ ሌላዋ 26 ታገኝ የነበረው ብዙ ጊዜ በሚኖሩበት ሰፈር ምክንያት ነው።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤታቸው ውስጥ ልጅ እየጠበቁ የሚተዳደሩ ሐበሾች ጥቂት አይደሉም። በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በዴንቨርም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ቡና የጠጣ ሰው አንድ እሮሮ ሳይሰማ አይነሳም፤ «አስቤዛው ጨረሰኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለቤት የሚገዛ ምግብ ዋጋ በአሜሪካ 11.4 በመቶ ጨምሯል። በማርች 2025 የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6.23 ዶላር ገብቶ ነበር። ለስድስት ልጅ ቁርስ የምትጠብስ ሴት ይህን ለማወቅ ዜና አያስፈልጋትም።

ግን ቁጭ ብሎ ሂሳቡን ለሠራ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። ከድስቱ ቆጥቦ የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ነው። ብዙው ገንዘብ የሚገኘውም የሚጠፋውም ወረቀቱ ላይ ነው። የትኛው የክፍያ ደረጃ እንደተሰጠን፣ የትኛውን ምግብ እንዳስመዘገብን፣ የዛሬውን ዛሬ እንደጻፍን፣ ታክስ ላይ ምን እንዳስገባን ዶሮ በምስር ከመቀየር እጅግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ይህን በቁጥር እንየው።

ፉድ ፕሮግራሙ

ሰው ሁሉ «ፉድ ፕሮግራም» የሚለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ገንዘብ የሚመድብለት የሕፃናትና የአዋቂዎች እንክብካቤ የምግብ ፕሮግራም ነው። በ1968 በሙከራ ተጀመረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የቤት ዴይኬሮችን አካተተ። የቤት ዴይኬር ከመንግሥት ጋር በቀጥታ አይዋዋልም። መሀል ላይ ስፖንሰር የሚባል ድርጅት አለ። ወረቀቱን የሚቀበለው፣ ቤት መጥቶ የሚያየው፣ በየወሩ ቼኩን የሚልከው እሱ ነው። ስፖንሰሩ አንዴ ካላስደሰታችሁ ሌላ መፈለግ ይቻላል። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ክፍያው በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ ቲር አንድና ቲር ሁለት። ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 በነበረው ተመን ቲር አንድ ለቁርስ 1.66፣ ለምሳ ወይም ለእራት 3.15፣ ለመክሰስ 0.93 ዶላር ይከፍል ነበር። ቲር ሁለት ለቁርስ 0.60፣ ለምሳ ወይም ለእራት 1.90፣ ለመክሰስ 0.26 ዶላር። አላስካና ሃዋይ ከዚህ ከፍ ይላል። ተመኑ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይታደሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳንቲም ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ ይህን ተመን ይዘን ብናሰላ ከእውነቱ ብዙም አንርቅም።

ስድስት ልጅ፣ በወር ሃያ ቀን፣ ቁርስ፣ ምሳና አንድ መክሰስ እንበል። ቲር አንድ ለአንድ ልጅ በቀን 5.74 ዶላር ነው፤ በወር 688.80 ይሆናል። ቲር ሁለት በቀን 2.76 ነው፤ በወር 331.20። ልዩነቱ በወር 357.60 ዶላር ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንቆጥረው 4,291 ዶላር ይሞላል። ለአንዳንድ ቤት የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው ይህ።

አሁን ድስቱን እንየው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ምሳ ላይ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው 6 አውንስ ወተት፣ 1.5 አውንስ ሥጋ ወይም ምትኩ፣ ሩብ ኩባያ አትክልት፣ ሩብ ኩባያ ፍራፍሬ፣ ግማሽ አውንስ እህል ነው። የሥጋው ምትክ ምስር ሊሆን ይችላል፤ ሩብ ኩባያ የበሰለ ምስር አንድ አውንስ ሥጋ ይተካል። አንድ ፓውንድ ደረቅ ምስር ሲበስል ሰባት ኩባያ ገደማ ይወጣዋል፤ ለ18 ልጅ ይበቃል ማለት ነው። ፓውንዱን በ2 ዶላር ብንገዛው ለአንድ ልጅ 11 ሳንቲም ነው። አጥንት የሌለው ዶሮ ፓውንዱ 4 ዶላር ቢሆን፣ ሲበስል የሚከሳውን ቀንሰን ለሰባት ልጅ ይደርሳል። ለአንድ ልጅ 57 ሳንቲም ይሆናል።

በየቀኑ በዶሮ ፈንታ ምስር ብናቀርብ ለስድስት ልጅ በወር 55 ዶላር እናተርፋለን። በየቀኑ ምስር የሚበላ ልጅ የለም፤ ወላጆቹም ዝም አይሉም። በሳምንት ሁለቴ ካደረግነው ቁጠባው 22 ዶላር ገደማ ነው። 22 ዶላር 22 ዶላር ነው፤ አልንቀውም። ግን ከ357ቱ ጋር ማስተያየት ነው።

ወደ ቲር አንድ የሚያስገቡ ሦስት በሮች

የመጀመሪያው ሰፈር ነው። ቤቱ ያለበት አካባቢ ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ቢያንስ ግማሹ ነፃ ወይም በቅናሽ ምግብ የሚያገኙ ከሆነ፣ ወይም የሕዝብ ቆጠራ መረጃው እንደዚያ ካሳየ፣ ቤቱ ቲር አንድ ነው። አንዴ ከጸደቀ አምስት ዓመት ያገለግላል። ስፖንሰሩ አድራሻውን አስገብቶ ያየዋል።

ሁለተኛው የራሷ የዴይኬሯ ባለቤት የቤተሰብ ገቢ ነው። ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 185 በመቶ በታች መሆን አለበት። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በነበረው ዓመት ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ 57,720 ዶላር ነበር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ባል ኡበር ይነዳል፣ ሚስት ዴይኬር አላት። ወላጆች የከፈሏትን ሁሉ ደምራ «እኛማ አናልፍም» ትልና ፎርሙን ሳትሞላ ትተወዋለች። ለግል ሥራ የሚቆጠረው ግን የሥራው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ገቢ ነው። የኡበሩም እንዲሁ። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ የዴይኬሩ ምግብ፣ መጫወቻው፣ ቤቱ ለሥራ የዋለበት ድርሻ ሁሉ ሲወጣ ቁጥሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። የታክስ ወረቀቱን ይዞ ስፖንሰሩን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

በዚህ በር የገባች ሴት ሌላም ጥቅም አላት። የራሷን ልጆች ምግብ ማስመዝገብ ትችላለች፤ ሌላ የውጭ ልጅ አብሮ ገበታው ላይ እስካለ ድረስ። በሰፈሯ ምክንያት ብቻ ቲር አንድ የሆነች ግን የገቢ ፎርም ካላስገባች በስተቀር ለራሷ ልጅ አይከፈላትም።

ሦስተኛው በር በልጆቹ በኩል ነው። ቤቱ ቲር ሁለት ቢሆንም ወላጆቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጅ ለብቻው በቲር አንድ ይከፈልበታል። ወላጁ ፎርም ይሞላል። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚያገኝ ቤተሰብ ከሆነ ነገሩ የበለጠ ይቀላል። በእኛ ሰዎች ዘንድ ይህ በር ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ምክንያቱም ሌላ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። አንድ አባት ደሞዙን ጽፎ ቅዳሜ ማኅበር ላይ ለሚያገኛት ሴት መስጠት ይከብደዋል። እሷም ብትሆን መጠየቁ ያሳፍራታል። ሕጉ ይህን አስቦበታል። ወላጁ ፎርሙን በቀጥታ ለስፖንሰሩ መላክ ይችላል፤ እሷ ገቢውን አታይም። ፖስታውን አዘጋጅቶ «እኔ አላየውም፤ አንተው ላከው» ማለት ብዙ ጭንቀት ያቀላል። ከስድስት ልጆች ሦስቱ በዚህ ቢገቡ በወር ወደ 179 ዶላር ተጨመረ ማለት ነው።

የትኛውን ምግብ ማስመዝገብ

ፕሮግራሙ ለአንድ ልጅ በቀን የሚከፍለው ቢበዛ ለሁለት ምግብና ለአንድ መክሰስ፣ ወይም ለአንድ ምግብና ለሁለት መክሰስ ነው። ልጁ ግን ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። የሐበሻ ዴይኬሮች ሰዓታቸው ረጅም ነው። የሆስፒታል ፈረቃ፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ ታክሲ የሚሠራ ወላጅ ልጁን ከቀትር በኋላ አምጥቶ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይወስደዋል። ምሳ፣ መክሰስና እራት የበላ ልጅ በቲር አንድ 7.23 ዶላር ያስገኛል። ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ የበላው 5.74 ነው። ቁርስም ምሳም እራትም ከበላ ደግሞ የምታስመዘግበው ምሳውንና እራቱን ነው፤ ቁርሱ ይቀራል። አንዳንዷ ከልማድ የተነሳ ቁርሱን አስገብታ እራቱን ትተወዋለች። በአንድ ልጅ በቀን 1.49 ዶላር ቀረባት ማለት ነው። ዲሲ ውስጥ ያሉ ደግሞ ስፖንሰራቸውን ይጠይቁ፤ ከተማዋ በ2014 ባወጣችው ሕግ በፌዴራሉ ክፍያ ላይ ከራሷ በጀት ጥቂት የምትጨምርበት መንገድ አለ።

ወደ ድስቱ ስንመለስ

ከምስርና ከዶሮ ሌላ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው ወተት ነው። ቁርስም ምሳም ላይ ግዴታ ነው። አንድ ጋሎን 128 አውንስ ነው፤ በስድስት አውንስ 21 ኩባያ ይወጣዋል። ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሆን ኩባያው 19 ሳንቲም ነው። ስድስት ልጅ በቀን ሁለቴ ሲጠጣ በሳምንት ሦስት ጋሎን ገደማ ያልቃል። ብክነቱ እዚህ ጋ ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ የሚፈለገው 4 አውንስ ሆኖ ሳለ ትልቅ ኩባያ ሞልታ የምትሰጥ ሴት ግማሹን ሲንክ ላይ ትደፋዋለች። ትንሽ ቀድቶ ሲጠይቅ መጨመር ይሻላል። በመክሰስ ሰዓት ወተት ግዴታ አይደለም። ከአምስቱ የምግብ ዓይነቶች ሁለቱ ካሉ ይበቃል። ሙዝና ክራከር (ጣፋጭ ያልሆነ ብስኩት)፣ አፕልና አይብ፣ ዳቦና እንቁላል ይሆናል።

እንጀራ? የጤፍ ዱቄት በግብርና ሚኒስቴሩ የሙሉ እህል ዝርዝር ውስጥ አለ። በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚቀርበው እህል ሙሉ እህል እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ስለዚህ በቤት የተጋገረ የጤፍ እንጀራ ያንን ይሸፍናል። ገበያ ላይ ያለው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ቤት ከሆነ የሚጋገረው ደግሞ አሠራሩን ጽፎ ፋይል ውስጥ መክተት ነው። ተቆጣጣሪዋ እንጀራን ላታውቀው ትችላለች፤ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። የአጃ ገንፎም ለቁርስ ርካሽና ሙሉ እህል ነው። በጥልቅ ዘይት የተጠበሰ ነገር ቤት ውስጥ ሠርቶ ማቅረብ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሳምቡሳ ከፈለጋችሁ ኦቭን ነው። ኬክና ኩኪም እንደ እህል አይቆጠርም።

ሽሮ ላይ አልመካም። ልጆቹ ይወዱታል፤ ግን አንድ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ስንት ዱቄት እንዳለ ማን ለክቶ ያሳያል? ድፍን ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በኩባያ ይለካል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ምስሩ እንደ ሥጋ ምትክ ከተቆጠረ በዚያው ምሳ ላይ እንደ አትክልት አይቆጠርም። ከጎኑ ጎመን ወይም ካሮት ያስፈልጋል። «ምስር፣ እንጀራ፣ ፍራፍሬና ወተት ሰጥቻለሁ» ብላ ብቻ የጻፈች ሴት የዚያን ቀን ምሳ ሙሉ ክፍያ ልታጣ ትችላለች፤ 3.15 ዶላር በስድስት ልጅ። የሩብ ኩባያ ካሮት ዋጋ ግን ሳንቲሞች ነው።

ጾምም አለ። ልጆች ራሳቸው የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም «ልጄ በጾም ወተት እንዳይሰጠው» የሚል ወላጅ አይጠፋም። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። ወላጁ በጽሑፍ ከጠየቀ በንጥረ ነገር ከላም ወተት ጋር የሚስተካከል የአኩሪ አተር ወተት መስጠት ይቻላል፤ ክፍያው አይቀርም። የአልመንድ ወተት አብዛኛው መለኪያውን አያሟላም። ከጾም ገበታ ጋር ምስሩ፣ ሽምብራው፣ የኦቾሎኒ ቅቤው አብሮ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር የጾም ሳምንታት ለኪስ ይመቻሉ።

ስለ ጨቅላ ሕፃናት አጭር ነገር ልበል። ዱቄት ወተት ውድ ነው። ዴይኬሩ በብረት የበለፀገ አንድ ዓይነት ፎርሙላ ማቅረብ አለበት፤ ወላጁ ግን አልፈልግም ብሎ የራሱን ማምጣት ይችላል። ገና ሌላ ምግብ ያልጀመረ ሕፃን እናቱ ያለበችውን ወተት ቢጠጣ ወይም እናቱ መጥታ ብታጠባው እንኳ ክፍያው አይቀነስም። ብዙ ሴቶች «እኔ ያልገዛሁትን እንዴት አስመዘግባለሁ?» ብለው ይተዉታል። ሕጉ ጡት ማጥባትን ለማበረታታት ሆን ብሎ ያደረገው ስለሆነ ማጭበርበር አይደለም።

የዛሬውን ዛሬ

ምናሌውና የበሉት ልጆች ብዛት በዚያው ቀን መመዝገብ አለበት። ዓርብ ማታ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ማስታወስ አያስኬድም። ስፖንሰሩ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለቱ ሳይነግር ነው። መዝገቡ ሦስት ቀን ወደኋላ ከቀረ የሦስት ቀን ክፍያ ሊቀር ይችላል። ነገሩ ከተደጋገመና ካልተስተካከለ ከፕሮግራሙ መባረር፣ ስምም የታገዱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ለሰባት ዓመት መግባት ድረስ ይሄዳል። ይህ ለማስፈራራት አይደለም። ያልበላን ልጅ በላ ብሎ መጻፍ ግን ቀልድ አይደለም። አሁን አብዛኛው ስፖንሰር በስልክ የሚሞላ መተግበሪያ አለው። ልጆቹ ሲተኙ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ታክሱ

«ፉድ ፕሮግራም ከገባሁ ታክሴ ይጨምራል» የሚል ወሬ አለ። ግማሽ እውነት ነው። ለሌሎች ልጆች የተከፈለው ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ለራሷ ልጅ የተከፈለው ግን አይቆጠርም። ሰው የሚረሳው በሌላ በኩል ምግቡ የሥራ ወጪ ሆኖ መቀነሱን ነው።

የታክስ መሥሪያ ቤቱ ከ2003 ጀምሮ ለቤት ዴይኬሮች አንድ ቀላል መንገድ ሰጥቷል። ደረሰኝ ሁሉ ከመሰብሰብ ይልቅ ለእያንዳንዱ ምግብ የተወሰነ ተመን መቀነስ ይቻላል። ተመኑ የቲር አንዱ ነው፤ ቲር ሁለት የሆነችም ሴት በዚያው ትቀንሳለች። ለአንድ ልጅ በቀን እስከ አንድ ቁርስ፣ አንድ ምሳ፣ አንድ እራትና ሦስት መክሰስ ድረስ ይፈቅዳል። ፉድ ፕሮግራሙ ያልከፈለበትን ሁለተኛ መክሰስ እንኳ ማስገባት ይቻላል። የራስ ልጅ ግን እዚህ አይቆጠርም።

በ2025 ታክስ ተመን እንሥራው። ስድስት ልጅ፣ 240 ቀን፣ ቁርስ፣ ምሳና ሁለት መክሰስ፤ በቀን 6.67 ዶላር ለአንድ ልጅ። በዓመት 9,604.80 ዶላር ይቀነሳል። ቲር ሁለት ሆና ከፕሮግራሙ የተቀበለችው 3,974.40 ነው። ስለዚህ ገቢው ላይ የተጨመረው ከወጪው በጣም ያንሳል። በ5,630 ዶላር ገደማ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ለመጠቀም የልጆቹ ስም፣ የመጡበት ቀንና የበሉት ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ፉድ ፕሮግራም ውስጥ ያለች ሴት ያንን መዝገብ አስቀድማ ይዛዋለች። ታክስ ሠሪያችሁ ይህን መንገድ የማያውቅ ከሆነ ሌላ ታክስ ሠሪ ፈልጉ። የምግብ ወጪን በግምት የሚጽፍ ሰው ነገ ሲጠየቅ አብሯችሁ አይቆምም።

ለምን እንደዚህ ሆነ?

እስከ 1997 ድረስ ሁሉም የቤት ዴይኬር አንድ ዓይነት ክፍያ ነበር የሚያገኘው። በ1996 የወጣው የዌልፌር (የመንግሥት ድጎማ) ማሻሻያ ሕግ ነው በሁለት የከፈለው። ሐሳቡ ገንዘቡ ወደ ድሃ ልጆች ያተኩር የሚል ነው፤ ለጆሮ ምክንያታዊ ነው። አሠራሩ ግን ልጁን ትቶ ቤቱን ለካ። የታክሲ ነጂ ልጅ ሻል ያለ ሰፈር ያለ ዴይኬር ቢውል በነባሪ ቲር ሁለት ነው። ሐኪም ልጇን ዝቅ ያለ ሰፈር ብታውል ያ ልጅ ቲር አንድ ነው። ከ1997 ወዲህ በፕሮግራሙ ያሉ የቤት ዴይኬሮች ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። ሥራውን የተዉ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም በቲሩ አላመካኝም። ግን በ26 ሳንቲም ምክንያት ወረቀቱ አያዋጣም ብለው የወጡ አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ልዩነቱ የግድ እንዳልሆነ መንግሥት ራሱ አሳይቷል። በወረርሽኙ ጊዜ ሁሉም በቲር አንድ እንዲከፈል ተደረገ። በ2022 በወጣ ሕግ ደግሞ በላዩ ላይ አሥር ሳንቲም ተጨመረ። ጁን 30 ቀን 2023 ላይ አንድ መክሰስ 97 ሳንቲም ነበር። በማግስቱ ጁላይ 1 ለቲር ሁለት ቤቶች 26 ሆነ። በአንድ ሌሊት ሙዝ አልረከሰም።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር ተመኑ የሚታደስበት መለኪያ ነው። የቤት ዴይኬር ተመን የሚከተለው ለቤት የሚገዛ ምግብ ዋጋን ነው። የትልልቅ ዴይኬር ማዕከላት ተመን የሚከተለው ውጭ የሚበላ ምግብ ዋጋን ነው፤ ያ ደግሞ የአብሳዩን ደሞዝ፣ የቤቱን ኪራይ በውስጡ ይዟል። እስከ ሜይ 2024 በነበረው አንድ ዓመት የአስቤዛ ዋጋ በ1 በመቶ ገደማ፣ የምግብ ቤት ዋጋ በ4 በመቶ ገደማ ጨመረ። ውጤቱ፦ በጁላይ 2024 ቲር አንድ ለሆነ የቤት ዴይኬር ቁርስ ላይ አንድ ሳንቲም፣ ምሳ ላይ ሦስት ሳንቲም ተጨመረ፤ መክሰስ ላይ ምንም። ቤቷ ውስጥ የምታበስል ሴት ጉልበት ዋጋ እንደሌለው የተቆጠረ ይመስላል። ኮንግረስ ውስጥ ሦስተኛ ምግብ እንዲከፈል፣ ቲሩም እንዲቀር የሚጠይቁ ረቂቆች በተደጋጋሚ ቀርበዋል። እስኪጸድቅ ድረስ ግን ጉድለቱን ማን ይሸፍናል?

መልሱ የሳምንት ክፍያው ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ዴይኬር ወላጅን ለምግብ ለብቻው ማስከፈል አይችልም። ስለዚህ ወጪው ከመነሻው ክፍያው ውስጥ መግባት አለበት። የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ አንድ ወር በቂ ነው። የቤቱን አስቤዛና የዴይኬሩን በተለያየ ደረሰኝ ግዙ፤ ካሸሯ ይሁን ወረፋው ምንም ይበል። የዴይኬሩን ደምሩና ልጆቹ በመጡባቸው ቀናት ብዛት አካፍሉ። ከዝቅተኛው መስፈርት በላይ ይወጣል፤ ልጅ ድገሚኝ ይላል፣ ይደፋል፣ ዘይቱም ቅመሙም አለ። ለአንድ ልጅ በቀን 4.50 ዶላር ወጣ እንበል። ቲር ሁለት 2.76 ይመልሳል። የቀረው 1.74 በሳምንት 8.70 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ነው «የአገር ልጅ ናት፣ ምን ብዬ ልጨምርባት» የሚለው የሚመጣው። ለዘመድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለጎረቤት እየተባለ ክፍያው ከአራት ዓመት በፊት እንደነበረ ይቀራል። ቅናሽ ማድረግ የባለቤቷ መብት ነው። ግን ስንት እንደሰጠች ታውቀው፤ ለአንድ ልጅ በሳምንት 8.70 ማለት በ48 ሳምንት 417 ዶላር ነው። አዲሱን ክፍያ ጁላይ ላይ፣ ተመኑ በሚታደስበት ወር፣ በጽሑፍ መስጠት ነገሩን ያቀለዋል። «መንግሥት ተመኑን ቀየረ፤ እኔም ቀየርኩ» ብሎ መናገር «ጨምሪ» ከማለት ይልቅ አፍ ላይ ይቀላል።